ፊንላንዳይዜሽን ምንድን ነው?

በ1958 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ አንድ መንግሥት ፈረሰ። ፓርላማ ውስጥ አብላጫ ወንበር ነበረው። ድምፅ ተሰጥቶበት አልወደቀም። የሆነው ሌላ ነው። የሶቪየት አምባሳደር የወጉን ስንብት ሳያደርጉ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ተተኪም አልመጣ። የንግድ ድርድሩ ቆመ። ሞስኮ ዝም አለች። ጠቅላይ ሚኒስትር ካርል አውጉስት ፋገርሆልም ዝምታው ገባቸውና በሦስት ወር ከምናምን ሥልጣን ለቀቁ።

ፊንላንዶች ያንን ጊዜ «የሌሊት ውርጭ» ይሉታል። ስሙ ልክክ ያለ ነው። ውርጭ ድምፅ የለውም፤ ጠዋት ሲነሱ ግን ሰብሉ የለም።

ፊንላንዳይዜሽን የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። አንድ ትንሽ አገር ነጻነቱን፣ ምርጫውንና ፓርላማውን እንደያዘ፣ «ኃያሉ ጎረቤቴ ምን ይለኝ ይሆን?» እያለ የገዛ ፖለቲካውን ራሱ ሲከረክም ማለት ነው። ወረራ የለም። ትእዛዝ እንኳ ብዙ ጊዜ የለም። ያለው ግምት ነው።

ቃሉን ያወጡት ፊንላንዶች አይደሉም። በ1960ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የተለመደ የፖለቲካ መወራረፊያ ነው። በኋላ የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቪሊ ብራንት ከሶቪየት ኅብረትና ከምሥራቁ ጎራ ጋር መቀራረብ ሲጀምሩ፣ እንደ ፍራንዝ ዮሴፍ ሽትራውስ ያሉ ተቀናቃኞቻቸው በዚሁ ቃል ከሰሷቸው። ፊንላንዶች ሲሰሙት ይከፋቸው ነበር። የአገሩ ስም ስድብ ሲሆን ማን ደስ ይለዋል?

በዚያ ላይ የደረሰባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ፊንላንድ ከ1809 እስከ 1917 በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። ከ1939 እስከ 1944 ባለው ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሁለት ጊዜ ተዋግታ፣ አልተያዘችም እንጂ ተሸንፋለች። በስተምሥራቅ ያለችውን ግዛቷን፣ የካሬሊያን አብዛኛውን ክፍል፣ አጣች። ከ400,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። 300 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የጦር ካሳ በዕቃ ከፈለች። ሄልሲንኪ አፍንጫ ሥር፣ ፖርካላ ላይ፣ እስከ 1956 የሶቪየት ጦር ሰፈር ነበር። አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ለአውሮፓ ያቀረበችው የማርሻል ዕርዳታ ሲመጣ «ይቅርብኝ» አለች፤ በ1948 ከሞስኮ ጋር የወዳጅነትና የመረዳዳት ውል ፈረመች። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዋሰኑትን ጎረቤት ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልማ! እስከዚህ ድረስ እኔ ጥፋት አላይበትም።

የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ለመትረፍ የተጀመረው ጥንቃቄ የአገር ውስጥ ባላጋራ መምቻ ዱላ ሆነ። እነሱ «የምሥራቅ ካርድ» ይሉታል። ካርዱን እንደ ኡርሆ ኬኮነን የተጫወተበት የለም። ከ1956 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ፕሬዚዳንት ሆነው ቆይተዋል። ተቃዋሚዎቻቸው ተባብረው ኦላቪ ሆንካን ዕጩ አድርገው ሲያቀርቡ፣ በ1961 ሞስኮ «ወታደራዊ ምክክር እናድርግ» የሚል ማስታወሻ ላከች። አገሩ ደነገጠ። ሆንካ ከውድድሩ ወጡ። ኬኮነን ሳይቤሪያ ውስጥ ኖቮሲቢርስክ ድረስ ሄደው የሶቪየቱን መሪ ክሩሽቾቭን አነጋገሩ፤ ምክክሩም ቀረ። በቀጣዩ ዓመት በቀላሉ ተመረጡ። ማስታወሻው ለማን ታስቦ እንደተላከ የታሪክ ሰዎች አሁንም ይከራከራሉ። በ1973 ደግሞ ምርጫም አላስፈለገ፤ ፓርላማው በልዩ ሕግ የሥልጣን ዘመናቸውን በ4 ዓመት አራዘመላቸው።

ወግ አጥባቂው ፓርቲ ከ1966 እስከ 1987 መንግሥት ውስጥ አልገባም። ለምን ሲባል መልሱ «በአጠቃላይ ምክንያቶች» ነበር። ምክንያቱ ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ብዙ ፖለቲከኞች ሶቪየት ኤምባሲ ውስጥ የየራሳቸው ሰው ነበራቸው፤ ለዚህም ስም አላቸው፣ «የቤት ሩሲያዊ»። አሳታሚዎችም ከዚሁ አላመለጡም። ስለ ሶቪየት የእስር ካምፖች የሚተርከው ዝነኛ መጽሐፍ በ1974 በፊንላንድኛ ሲወጣ ስዊድን ታትሞ ነው። የከለከለ ሕግ ግን አልነበረም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

ካርቱኒስቱ ካሪ ሱኦማላይነን ይህን ፖለቲካ «ለምሥራቅ እያጎነበሱ ለምዕራብ ቂጥ ያለማሳየት ጥበብ» ብሎታል ይባላል። ከብዙ የምሁር ትርጓሜ ይሻላል።

ደግሞ የተገኘውም መነገር አለበት። ፊንላንድ ሞስኮ የምትመራው የጦር ኅብረት፣ የዋርሶ ስምምነት፣ አባል አልሆነችም። የመድብለ ፓርቲ ሥርዓቷና የግል ንግዷ አልተነካም። በ1940 ሶቪየት ኅብረት የጠቀለለቻቸው ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ ይህን ዕድል አላገኙም። «በዚያ ዋጋ ይሄ ተገኘ» የሚሉና «ያን ያህል ማጎንበስ አያስፈልግም ነበር» የሚሉ ፊንላንዶች ዛሬም አልተስማሙም።

ቃሉ በ2022 መጀመሪያ እንደገና ብቅ ብሎ ነበር፤ ለዩክሬን እንደ መፍትሔ። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን «አንዱ አማራጭ ነው» አሉ ተባለ፣ እሳቸው አላልኩም አሉ። በየካቲት ወር ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ፊንላንድ ራሷ ኤፕሪል 4 ቀን 2023 ኔቶ ገባች።