የግዴታ ክትባትና የግል መብት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በክትባት ቀን ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለ ግዴታ ክትባት ብዙ ክርክር ይሰማል። አብዛኛው በቅንነት የሚነሣ ስጋት ስለሆነ ቁጣ ሳይሆን ማስረጃ ያለው መልስ ይገባዋል።

«ልጄን ባላስከትብ ጉዳቱ ከቤቴ አያልፍም።»

ያልፋል። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በአገራችን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ ስለዚህ በዚያው አግዳሚ ላይ በእናቱ እቅፍ የተኛው የ6 ወር ሕፃን፣ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ እየደከመ፣ በካርዱ ላይ የኩፍኙ ቦታ ገና ባዶ ሆኖ፣ ከለላው በዙሪያው ያሉት ሰዎች መከተባቸው ብቻ ነው። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ሰው 95 ያህሉ በሽታውን የመከላከል አቅም ሊኖረው ይገባል።

«ግዴታ ማለት እጅ ይዞ መውጋት ነው።»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ባሉት በፓስተር ሄኒንግ ጃኮብሰን ላይ ሲፈርድ ቅጣቱ 5 ዶላር ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 የደገፈው የቼክ ሪፐብሊክ የልጆች ክትባት ሕግ ቅጣቱ ገንዘብና ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ማስቀረት ነበር፤ ማንም በኃይል አልተከተበም፣ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አልተከለከለም።

«ሕገ መንግሥቱ የግል ሕይወቴ እንዳይነካ ዋስትና ሰጥቶኛል።»

ሰጥቷል፤ ነገር ግን አንቀጽ 26 ራሱ ጤናን ለመጠበቅ መብቱ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። ለገደቡ ግን አስገዳጅ ሁኔታና ዝርዝር ሕግ ይጠይቃል፤ እኔ እንደማምነው የአንድ ኃላፊ የቃል ትእዛዝ ይህን አያሟላም።

«የሕዝብ ጤና ከተባለ ሁሉንም ክትባት ማዘዝ ይቻላል።»

ይህም ስሕተት ነው። መንጋጋ ቆልፍ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ «ሌላውን ለመጠበቅ» የሚለው ምክንያት ለኩፍኝ እንደሚሠራው ለእሱ አይሠራም። በሕመም ምክንያት መከተብ የማይችል ልጅም ከግዴታው ነፃ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አቅርቦቱ ነው። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጆች የሚሆን ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል፤ በዚህም ምክንያት በቂ ልጆች እስኪሰበሰቡ ሳይከፈት ይቆይና እናት «ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ትመለሳለች። ከሥራዋ ቀርታ፣ ልጇን አዝላ መጥታ የተመለሰችን እናት «አላስከተብሽም» ብሎ የሚቀጣ ሕግ ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።