ተንሳፋፊ የባርጅ ማሰሪያ፦ በአሜሪካ ወንዞች ላይ እንዴት ይቀየራል?

ባርጅ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ ነው፤ የራሱ ሞተር የለውም። በአሜሪካ ትልልቅ ወንዞች ላይ አንድ ገፊ ጀልባ ብዙ ጊዜ 15 ባርጆችን ባንዴ እየገፋ ይሄዳል። ግድብ ጋ ሲደርስ ሎክ ውስጥ ይገባል። ሎክ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው ትልቅ የኮንክሪት ገንዳ ነው፤ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ባርጁም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። አላባማ ውስጥ ቴነሲ ወንዝ ላይ ያለው የዊልሰን ሎክ ባርጁን 28 ሜትር ገደማ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

ታዲያ ባርጁ ከምን ጋር ይታሰር? ከማይንቀሳቀስ ምሰሶ ጋር ቢታሰር ውሃው ሲጎድል ገመዱ ተወጥሮ ይበጠሳል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ቦይ ይሠራል። እዚያ ውስጥ አናቱ ላይ ማሰሪያ ያለው ባዶ የብረት ታንከር ይንሳፈፋል፤ በሮለሮቹ ሐዲድ ይዞ ከውሃው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህ ተንሳፋፊ ማሰሪያ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። ሲጣበቅ ግን ጉድ ይፈላል። ሮለሩ ይበላል፣ ሐዲዱ ይጎብጣል፣ ታንከሩ ዝጎ ውሃ ያስገባል፣ ግንድ ተንሳፍፎ መጥቶ ይሸጎጥበታል። ውሃ ውስጥ ተይዞ የቆየ ታንከር ድንገት ከለቀቀ ወደ ላይ ይወነጨፋል። የተበጠሰ ገመድም ሰው ይገድላል። የባርጅ ሠራተኞች በተወጠረ ገመድ አቅጣጫ እንዳይቆሙ የሚነገራቸው ለዚህ ነው።

ሎኮቹን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ጓድ ነው። ማሰሪያውን የመቀየር ሥራ ጨረታ ሳም ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይወጣል፤ አንዳንዱ ለአነስተኛ ድርጅቶች ብቻ የተተወ ነው። አንዳንዴ ኮንትራክተሩ ብረቱን ሠርቶ ያስረክባል፣ ተከላውን የጓዱ የራሱ ጥገና ቡድን በክሬን ይጨርሰዋል። ግንባታው በሙሉ ለኮንትራክተር ሲሰጥ፣ ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ከሆነ የ1935ቱ ሚለር ሕግ የሥራ አፈጻጸምና የክፍያ ዋስትና ያስይዘዋል።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከባዱ ነገር ብረቱ ሳይሆን ቀኑ ነው። ሎክ ሲዘጋ ወንዙ ለጭነት ተዘጋ ማለት ነው። በቆሎና አኩሪ አተር ወደ ወደብ በሚጫንበት የመከር ሰሞን ደግሞ ማንም መዝጋት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢሊኖይ ወንዝ በርካታ ሎኮች በአንድ ሰሞን ተዘግተው የተጠገኑት ጉዳቱ አንዴ ይሁን ተብሎ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ቀድሞ ወርክሾፕ ውስጥ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ መጠበቅ አለበት። ልኬቱንም ከድሮ ፕላን ብቻ መውሰድ አያዋጣም፤ የዊልሰን ዋናው ሎክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ሐዲዱ ከፕላኑ ሊለይ ይችላል። ቦታው ላይ ሄዶ መለካት ግድ ነው።

የሚነሳው አሮጌ ብረትም እንዲሁ አይጣልም። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ከመቆረጡ በፊት ይመረመራል፤ አወጋገዱ ዋጋ ሲሰላ አብሮ ካልታሰበ ኪሳራው የኮንትራክተሩ ነው።