«የመለያ ግንብ» ምንድን ነው? የክርስትና እምነትና የአሜሪካ አመሠራረት

የአሜሪካን ፖለቲካ የሚከታተል ሰው «ቤተ ክርስቲያንንና መንግሥትን የሚለየው ግንብ» የሚለውን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎች ቃሉ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ላይ የተጻፈ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብታነቡት ግንብ የሚል ቃል የለበትም። አባባሉ የመጣው ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ጃንዋሪ 1 ቀን 1802 ከጻፈው ደብዳቤ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እኔን ሁሌም የሚገርሙኝ የደብዳቤው ተቀባዮች ናቸው። ደብዳቤው የተላከው ኮኔቲከት ውስጥ፣ በዳንበሪ አካባቢ ለነበረ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ማኅበር ነው። ሰዎቹ አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከፕሬዚዳንቱ ጋር ስለ ሃይማኖት ነጻነት ምን አጻጻፋቸው? ይህን ሳያውቁ «አሜሪካ የተመሠረተችው የክርስቲያን አገር ሆና ነው ወይስ አይደለም?» ወደሚለው ክርክር መግባት ትርፉ ጭቅጭቅ ነው።

በዚያ ጊዜ ኮኔቲከት ውስጥ መንግሥት የሚደግፋት ቤተ ክርስቲያን የኮንግሬጌሽናል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከእንግሊዝ የተሰደዱት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ የፒዩሪታኖቹ ውርስ ናት። ነዋሪው ለእሷ አገልጋዮች የሚውል ግብር ይከፍላል። ባፕቲስቱ ከዚህ ግብር ነጻ መሆን ከፈለገ የሌላ ቤተ እምነት አባል መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ማቅረብ ነበረበት። አስቡት፤ አምላኩን የት እንደሚያመልክ በወረቀት ማስረዳት አለበት። በኦክቶበር 1801 ለጄፈርሰን ሲጽፉ ቅሬታቸውን እንዲህ አስረዱ፦ ያለን የሃይማኖት ነጻነት እንደ ችሮታ የተሰጠን እንጂ እንደማይገሰስ መብት የተቆጠረልን አይደለም። ችሮታ የሰጠ ደግሞ መልሶ መንሳት ይችላል።

ጄፈርሰን ሲመልስላቸው፣ ሃይማኖት በሰውና በአምላኩ መካከል ብቻ ያለ ጉዳይ እንደሆነ እሱም እንደ እነሱ እንደሚያምን ነገራቸው። የአሜሪካ ሕዝብም ኮንግረሱ የመንግሥት ሃይማኖት የሚያቋቁም ወይም ሰው በነጻነት እንዳያመልክ የሚከለክል ሕግ እንዳያወጣ ሲደነግግ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመንግሥት መካከል የመለያ ግንብ መሥራቱ ነው አለ።

ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አያቋቁምም። አንዷን መርጦ በግብር አይቀልብም። ማን እንዴት እንደሚያመልክም አይወስንም። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በመንግሥት ጉልበት ሰው አታስገድድም። ሐሳቡ «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» ከሚለው የእኛ አባባል ብዙም አይርቅም።

ግንብ የሚለውን ምሳሌ ግን ጄፈርሰን አልጀመረውም። ከእሱ 158 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1644፣ ሮጀር ዊሊያምስ የሚባል ሰባኪ ጽፎታል። የዊሊያምስ ታሪክ ልብ ይነካል። ከእንግሊዝ ወደ ማሳቹሴትስ የተሻገረ እሳት የላሰ አማኝ ነበር። ማሳቹሴትስን የሚያስተዳድሩት ፒዩሪታኖች ራሳቸው ለእምነታቸው ብለው አገራቸውን ጥለው የመጡ ናቸው። ሆኖም ዊሊያምስ «መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም» ማለቱን ሊታገሡት አልቻሉም። ይህና ሌሎች አቋሞቹ ተደምረው በ1635 ከግዛቱ እንዲባረር ተፈረደበት። በበረዶ ወራት ወጥቶ ሄደ። በ1636 የዛሬዋን የሮድ አይላንድ ዋና ከተማ፣ ፕሮቪደንስን መሠረተ።

የእሱ ምሳሌ እንዲህ ነው፦ ቤተ ክርስቲያን የአትክልት ቦታ ናት፣ ዓለም ደግሞ ዱር። በመካከላቸው አጥር ወይም ግንብ አለ። ሰዎች ያን አጥር ሲሸነቁሩት አትክልቱ ራሱ ዱር ይሆናል። ዊሊያምስ የፈራው ለአትክልቱ ነው። ፖለቲካ እምነትን እንዳያበላሽ ነው የሰጋው። ግንቡን ሃይማኖት የሚጠሉ ሰዎች ያመጡት አድርገው የሚናገሩ ሲያጋጥሙኝ ከልቤ አዝናለሁ። ቃሉ ከሰባኪ አፍ ነው የወጣው።

የሰጋውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1660 ሜሪ ዳየር የምትባል ሴት ቦስተን ውስጥ ተሰቅላ ተገድላለች። ኩዌከር የሚባለው፣ ካህናት የሌሉት የክርስትና ክፍል አባል ነበረች። ኩዌከሮች ወደ ማሳቹሴትስ እንዳይገቡ በሕግ ተከልክለው ሳለ ተመላልሳ በመግባቷ ነው የተሰቀለችው። የሰቀሏት ክርስቲያኖች ናቸው፤ እሷም ክርስቲያን ነበረች። ተሰድዶ የመጣ ሁሉ ለሌላው ስደተኛ ይራራል ማለት አይደለም።

ነገሩ በደንብ የበሰለው ግን ቨርጂንያ ውስጥ ነው። እዚያ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አንግሊካን ነበረች። ባፕቲስት ሰባኪዎች ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ እየተባሉ ይታሰሩ ነበር። በ1774 መጀመሪያ፣ ጄምስ ማዲሰን ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ በጎረቤት አውራጃ አምስት ወይም ስድስት ቅን ሰዎች እምነታቸውን በይፋ በመናገራቸው እስር ቤት እንዳሉ በቁጣ ነገረው። ይህ ወጣት ነው በኋላ የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች ከሚባሉት አንዱና አራተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው።

ከነጻነት ጦርነቱ በኋላ፣ በ1784፣ በንግግር ችሎታው የታወቀው ፓትሪክ ሄንሪ አንድ ረቂቅ ሕግ ደገፈ። ረቂቁ የክርስትና መምህራንን ለመደጎም ግብር ይጣል ይላል። ከፋዩ ገንዘቡ ለየትኛው ቤተ እምነት እንደሚሄድ ራሱ ይመርጣል። ሲያዩት የሚያስከፋ አይመስልም። አንድ ቤተ እምነት ብቻ አልተለየም። ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልከፋውም ነበር።

ማዲሰን ግን አልተዋጠለትም። በ1785 በ15 ነጥቦች የተዘረዘረ የተቃውሞ አቤቱታ ጻፈ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳነበው በጣም የሚመስጠኝ የክርክሩ መንገድ ነው። ክርስትናን ከሌሎች ሃይማኖቶች አስበልጦ ማቆም የሚችል ሥልጣን፣ ነገ አንዱን የክርስትና ክፍል ከሌሎቹ አስበልጦ ማቆም ይችላል አለ። ክርስትና መንግሥት ሳይደግፈው፣ እንዲያውም መንግሥት እያሳደደው መስፋፋቱንም አስታወሰ። በሕግ የተደገፈባቸው ዐሥራ አምስት ያህል ምዕተ ዓመታትስ ምን አፈሩ ብሎ ጠየቀ። መልሱን ራሱ ሰጠ፦ በካህናቱ ላይ ትዕቢትና ስንፍና፣ በምእመኑ ላይ ድንቁርናና ሎሌነት። ከባድ አነጋገር ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ መንግሥት ድጎማ እንጂ ስለ ወንጌል አይደለም። ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖችም ረቂቁን የሚቃወም አቤቱታ አጎረፉ። ረቂቁ በዚያው ቀረ። በምትኩ በጃንዋሪ 1786 ጄፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ጸደቀ። ጄፈርሰን መቃብሩ ላይ እንዲጻፉ ያዘዛቸው ሥራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይህ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንትነቱን ከቁጥር አላስገባውም።

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተጻፈው ሕገ መንግሥትም በዚህ መንፈስ ነው የወጣው። በ1776ቱ የነጻነት አዋጅ ላይ ሰዎች መብታቸውን ያገኙት ከፈጣሪያቸው ነው ተብሎ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ ግን ስለ እግዚአብሔር አያነሳም፤ ከቀኑ አጻጻፍ ላይ «በጌታችን ዓመት» ከሚለው የተለመደ ሐረግ በቀር። አንቀጽ 6 ደግሞ ለማንኛውም የፌዴራል ሹመት የሃይማኖት መመዘኛ ፈጽሞ እንዳይጠየቅ ይከለክላል። በዘመኑ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የደላዌር የ1776 ሕገ መንግሥት ተሿሚው በሥላሴ እንደሚያምን ቃል እንዲገባ ያስገድድ ነበር። ከዚያ በ1791 ኮንግረሱ የመንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁምና አምልኮን እንዳይከለክል የሚያዘው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ጸደቀ። የጄፈርሰን ግንብ የተሠራው ከዚህ ማሻሻያ ነው።

እዚህ ላይ «አሜሪካ የክርስቲያን አገር ናት» የሚሉት ወገኖች የሚያነሱት እውነት አለ፤ መካድ አይገባም። የመጀመሪያው ማሻሻያ ሲወጣ የሚያስረው ኮንግረሱን ብቻ ነበር። ግዛቶቹ የየራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መደገፋቸውን ቀጠሉ። ማሳቹሴትስ የተወችው በ1833 ነው። ኮንግረሱም ቢሆን ከ1789 ጀምሮ ጸሎት የሚመራለት ቄስ ነበረው። ጄፈርሰን ራሱ ያን ደብዳቤ በጻፈ በሁለተኛው ቀን በኮንግረሱ አዳራሽ በተካሄደ የአምልኮ ሥርዓት ላይ ተገኝቷል። የሰበከው ባፕቲስቱ ጆን ሌላንድ ነበር። መስራቾቹ እምነትን ከአገር ማውጣት ፈለጉ የሚል ሰው ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ያልፈዋል?

ሁለቱንም ወገን የሚያስጨንቅ ሰው ከተፈለገ ደግሞ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ አለ። በ1797 ሴኔቱ በሙሉ ድምፅ ያጸደቀውን፣ ከሰሜን አፍሪካዋ የሙስሊም ግዛት ከትሪፖሊ ጋር የተደረገ ውል ፈረመ። የውሉ አንቀጽ 11 የአሜሪካ መንግሥት በምንም መልኩ በክርስትና ሃይማኖት ላይ የተመሠረተ አይደለም ይላል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1798፣ ያው አዳምስ ሕገ መንግሥታችን የተሠራው ለግብረ ገብና ለሃይማኖተኛ ሕዝብ ብቻ ነው ብሎ ጻፈ። አንዳንዱ ይህን እንደ መቃረን ያየዋል። ለእኔ ግን አይቃረንም። አንደኛው ስለ መንግሥት ነው፣ ሁለተኛው ስለ ሕዝብ። አዳምስ ሕዝቡ አማኝ እንዲሆን ይፈልጋል፤ መንግሥቱ ግን የማንም ቤተ ክርስቲያን ክንድ እንዲሆን አይፈልግም። ክርክሩ ሁሌ የሚበላሸው «አገር» በሚለው አንድ ቃል ሕዝቡንም መንግሥቱንም ደርበን ስንጠራ ነው።

ግንቡ አማኝ በፖለቲካ እንዳይሳተፍ የሚከለክል የሚመስላቸውም አሉ። ስሕተት ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የባፕቲስት ፓስተር ነበር። የሲቪል መብት ትግሉም የተደራጀው በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነው። የነቢያትን ቃል እየጠቀሰ ሕግ እንዲለወጥ ሲጠይቅ ግንቡን አላፈረሰም። ዜጋ በእምነቱ ተነሣስቶ ይናገራል፣ ይመርጣል፣ ይመረጣል።

ግንቡ የፍርድ ቤት ቋንቋ የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1947 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ ክልከላ ግዛቶችንም እንደሚያስር ወሰነ። ዳኛ ሁጎ ብላክ ግንቡ ከፍ ያለና የማይደፈር መሆን አለበት ብለው ጻፉ። የሚገርመው ግን ውጤቱ ነው። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ልጆቻቸውን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ለሚልኩ ወላጆች የአውቶቡስ ወጪ መተካቱን ፈቀደ። በ1962 ደግሞ የኒው ዮርክ የትምህርት ባለሥልጣናት ያዘጋጁትን ጸሎት በመንግሥት ትምህርት ቤት ማስደገም አይቻልም ተባለ። ይህን ውሳኔ «ጸሎት ተከለከለ» ብለው የሚያወሩት አሉ። ተማሪ መጸለይ አልተከለከለም። የተከለከለው መንግሥት ጸሎት መድረሱ ነው። በ2022 ፍርድ ቤቱ ከጨዋታ በኋላ ሜዳ መሐል ተንበርክኮ ለሚጸልይ የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ ፈረደለት። ግንቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ ዛሬም ዳኞቹን ያከራክራል። ገንዘቡ ላይ የምናየው «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ቃል የአገሪቱ መፈክር የሆነው ደግሞ በ1956 ነው፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ማለት ነው። የመስራቾቹ ሥራ ተደርጎ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ወደ ኮኔቲከት ልመለስና ላብቃ። ግዛቷ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያንን የተወችው በ1818 ነው፤ ከዳንበሪው ደብዳቤ 16 ዓመት በኋላ። ላይማን ቢቸር የሚባሉ ታዋቂ የኮንግሬጌሽናል ሰባኪ ድጎማው እንዳይቀር አጥብቀው ታግለው ነበር። ሲሸነፉ ሁሉ ነገር ያለቀ መሰላቸው። በቁም ተክዘው ተቀመጡ። ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ቀን ሲያስታውሱ፣ ኮኔቲከት ካገኘቻቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ያ ነበር አሉ። አብያተ ክርስቲያናቱ በመንግሥት ላይ መደገፋቸው ሲቀር በራሳቸውና በአምላካቸው ላይ መቆም ግድ ሆነባቸው።