የስፒከር ዋት ምን ይነግረናል?

"ለክፍሌ ስንት ዋት ይበቃል?" የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ በአጭሩ ላስረዳ። ዋት የኃይል መጠን እንጂ የድምፅ መጠን አይደለም። ባለ 50 ዋቱን በባለ 100 ብትቀይሩት፣ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ የምታገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ይሰማል እንጂ ለጆሮ እጥፍ አይሆንም። እጥፍ እንዲመስል ወደ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ጣሪያ ስለሆነ፣ "አርኤምኤስ" (ያለማቋረጥ የሚሠራበት ኃይል) የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። አክቲቭ ስፒከር አምፕሊፋየሩ ውስጡ ነው፣ ሌላ አትግዙለት።

3 በ4 ሜትር ለሆነ ክፍል ባለ 5 ኢንች ጥንድ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሰብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ስፒከር) ግን እንደየክፍሉ ነው። ጥግ ላይ ሲቀመጥ ቤዙ ይጎላል፣ አንዳንዴም ከልክ አልፎ ያጉረመርማል። ያኔ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ከጥጉ ትንሽ አውጡትና ስሙት።