ማኖ ምንድን ነው? ኳስ እጅ በነካች ቁጥር ለምን አይፏጭም?

ኳስ የተጫዋች እጅ ስትነካ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ «ማኖ!» ይላል። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 12 ግን ንክኪ ሁሉ ጥፋት እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት «እጅ» የሚባለው ከብብት ግርጌ ትይዩ ጀምሮ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ክፍል ስለሆነ በትከሻ የተመታች ኳስ ማኖ አይደለችም።

ጥፋት የሚሆነው በቅድሚያ ተጫዋቹ ሆን ብሎ፣ ለምሳሌ እጁን ወደ ኳሷ ሰድዶ ሲነካት ነው፤ ይህን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። አጥቂ ደግሞ ኳሷ ሳያስበው እንኳ እጁን ነክታ ወዲያው ራሱ ግብ ቢያስቆጥር ግቡ ይሰረዛል።

ክርክሩን ሁሉ የሚያስነሳው ሌላው ድንጋጌ ነው። ተጫዋቹ እጁን ዘርግቶ ወይም አንሥቶ ሰውነቱን ከተፈጥሯዊ ሁኔታ ውጪ ካሰፋ፣ ሐሳቡ ኳሷን መንካት ባይሆንም ይቀጣል። እዚህ ላይ ዳኛው የሚመዝነው እጁ በዚያ ቅጽበት በዚያ ቦታ የተገኘው በእንቅስቃሴው ምክንያት መሆን አለመሆኑን ነው። ለመዝለል ወይም ለመዞር እጅ ከሰውነት መራቁ አይቀርም፤ ስለዚህ እጁ ምን ያህል እንደተዘረጋ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ይህ ሚዛን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን በስድስት ቀናት ልዩነት ያደረገቻቸው ሁለት ጨዋታዎች በሚገባ ያሳያሉ። በመጀመሪያው ዳቪድ ራውም ያሻማት ኳስ የዴንማርኩን ተከላካይ የዮአኪም አንደርሰንን እጅ በስሱ ነካች፤ ኳሷ ውስጥ የተገጠመው መሣሪያም ንክኪውን መዘገበ፤ ዳኛው ማይክል ኦሊቨር ምስሉን ተመልክተው ፍፁም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ካይ ሃቨርትዝም አስቆጠረ። በሩብ ፍፃሜው ግን ጀማል ሙሲያላ በጭማሪው ሰዓት ወደ ግብ የመታትን ኳስ የስፔኑ ማርክ ኩኩሬያ በእጁ ሲያስቆማት ዳኛው አንቶኒ ቴይለር ጨዋታውን አስቀጠሉ፤ በቪዲዮ ውሳኔዎችን የሚያጣራው የዳኞች ቡድን (ቫር) ጣልቃ አልገባም፤ ስፔን 2 ለ 1 አሸንፋ አለፈች።

በእኔ እምነት ውሳኔዎቹ ቢገላበጡ ለፍትሕ ይቀርቡ ነበር፤ የአንደርሰን እጅ የሩጫው አካል ነበር፣ ኳሷም የመጣችበት ከቅርብ ነው፤ የኩኩሬያ እጅ ግን ከጎኑ ራቅ ብሎ ወደ ግብ የምትሄድ ኳስ አግዷል። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የዳኞች ክፍልም ከወራት በኋላ በሁለተኛው ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት መሰጠት እንደነበረበት አስታውቋል። ችግሩ የሕጉ ጽሑፍ ስለ ኳሷ ርቀትም ሆነ ፍጥነት የሚለው ነገር አለመኖሩ ነው፤ ዳኞች እነዚህን ከልምድና ከመመሪያ እየጨመሩ ስለሚፈርዱ ተመሳሳይ የሚመስል ንክኪ በየውድድሩ የተለያየ ውሳኔ ያገኛል። በዝግታ የሚደገም ምስልም በቅጽበት የሆነውን ንክኪ የታሰበበት ያስመስለዋል፤ ንክኪ መኖሩን ለማረጋገጥ ይጠቅም ይሆናል እንጂ የእጁን እንቅስቃሴ ለመመዘን በትክክለኛው ፍጥነት ማየት ይሻላል።

ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ካርዱም በዚሁ ልዩነት ይወሰናል። ሳያስብ በእጁ ግልጽ የግብ ዕድል ያጨናገፈ ተጫዋች ፍፁም ቅጣት ምት ከተሰጠበት ቢጫ ካርድ ይበቃዋል፤ ሆን ብሎ ያደረገው ግን በቀይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ የጋናን ኳስ ከግብ መስመር ላይ በእጁ የመለሰው የኡራጓዩ ሉዊስ ሱዋሬዝ ዛሬም ቢሆን ከቀይ ካርድ አያመልጥም ነበር።