ፓራቴምኖይድስ ምንድን ነው?

ፓራቴምኖይድስ በዛፍ ቅርፊት ስር የሚኖር የሐሰተኛ ጊንጦች ወገን ነው። ሐሰተኛ ጊንጥ ቁመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ስምንት እግር ያለው የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ ነው። ከፊቱ ልክ እንደ ጊንጥ ሁለት መቆንጠጫ አለው፤ ከኋላው ግን ጅራትም መናደፊያም የለም። መርዙ ያለው መቆንጠጫው ላይ ነው። ሰው የሚጎዳ ስላይደለ አይፈራም። ድርም ያወጣል፤ ነገር ግን እንደ ሸረሪት ከሆዱ ጫፍ ሳይሆን ከአፉ አጠገብ ነው።

ብዙዎቹ ሐሰተኛ ጊንጦች ብቸኞች ናቸው፤ ሲርባቸው የራሳቸውን ዓይነትም ይበላሉ። በብራዚል የሚገኘው ፓራቴምኖይድስ ኒዲፊካቶር የተባለው ዝርያ ግን ተሰባስቦ ይኖራል። ትልልቁም ትንንሹም በአንድ ቅርፊት ስር ሆነው በድር በተሠሩ ክፍሎች ይጠለላሉ። ለአደን ሲወጡ ከስንጥቁ አፍ አድፍጠው ይጠብቃሉ። ጉንዳን ወይም ጥንዚዛ ሲያልፍ አንዱ እግሩን ይይዛል፣ ሌሎቹ ደርሰው ያግዙታል። በዚህ መንገድ አንዱ ብቻውን የማይችለውን፣ ከእነሱ በብዙ የሚበልጥ ነፍሳት ይጥላሉ፤ ልጆቹም ከግዳዩ ይካፈላሉ።

በጣም የሚገርመው የእናቲቱ ነገር ነው። እንቁላሎቿን ሆዷ ስር በከረጢት ተሸክማ ትቆያለች፤ ጽንሶቹን ከራሷ አካል በሚወጣ ፈሳሽ ትመግባለች። ከተፈለፈሉ በኋላ ምግብ ከጠፋ ደግሞ ከድር ክፍሏ ወጥታ ዝም ብላ ትቆማለች። ልጆቿ ይወሯታል፤ አትሸሽም፣ አትከላከልም፤ መጥጠው ይጨርሷታል። ይህን ኤቨርተን ቲዞ-ፔድሮሶና ክሌበር ዴል-ክላሮ የተባሉ ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳትመዋል። «የእናት ፍቅር» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ተመራማሪዎቹ ያነሡት ሐሳብ ይበልጥ ያሳምነኛል፦ የተራቡ ልጆች እናታቸውን ካልበሉ እርስ በርስ መበላላታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ቡድኑ ገና ሳይመሠረት ይፈርሳል።

ክንፍ የላቸውምና ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሻገሩት በሚበር ነፍሳት እግር ላይ ተንጠላጥለው ነው። ይህ በሌሎች ሐሰተኛ ጊንጦችም የታወቀ ዘዴ ነው። እነዚህ ግን አንዳንዴ በርከት ብለው ስለሚሳፈሩ፣ የደረሱበት ዛፍ ላይ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የአደን ጓደኛ አያጡም።