የቲንክ ታንክ ኢንተርንሺፕ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስድስት ኪሎ አንድ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለችው የኢኮኖሚክስ ተማሪ አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ አሳተመች። ውጭ አገር ላለ የፖሊሲ ጥናት ተቋም ለኢንተርንሺፕ ልታመለክት ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ቢሆንም፣ ስህተቱ የሚታያት በወረቀት ስታየው ነው። ወሬ ጀመርን። «ጋሼ፣ ተቀበሉኝ እንበል። እዛ ሄጄ ምንድን ነው የምሠራው?» አለችኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሳይጠይቁ ነው የሚያመለክቱት።

ቲንክ ታንክ መንግሥታት የሚያወጡትን ፖሊሲ የሚያጠና ተቋም ነው። ይሄ ነገር ይሠራል ወይ? ማንን ይጠቅማል? ማንን ይጎዳል? እያለ ይጠይቃል። እንደ መንግሥት አይወስንም፤ ጥናቱን አቅርቦ ሐሳብ ይሰጣል። ዋሽንግተን ያለው ብሩኪንግስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። የለንደኑ ቻተም ሃውስ በ1920 ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው ኢፍፕሪ ደግሞ በምግብና በእርሻ ፖሊሲ ላይ ያተኩራል፤ እዚህ አዲስ አበባም ለዓመታት ሠርቷል።

ኢንተርን ማለት እንዲህ ባለ ተቋም ለጥቂት ወራት ከአንድ ተመራማሪ ሥር ሆኖ የሚሠራ ተማሪ ወይም አዲስ ምሩቅ ነው። የራሱን ጥናት ይዞ የሚሄድበትም አለ። ከቪየና ወጣ ብላ ባለችው ላክሰንበርግ የሚገኘው ኢያሳ የሚባል ዓለም አቀፍ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በየክረምታችን ወጣት ተመራማሪዎችን ለሦስት ወር ይቀበላል። እሱ ግን በዋናነት ዶክትሬት ለሚሠሩ ነው። ለዲግሪ ተማሪ የሚደርሰው በአብዛኛው የሌላ ሰው ጥናት ላይ ማገዝ ነው።

ማገዝ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ዳታ ማጽዳት ነው። አንድ ሠንጠረዥ ይሰጣችኋል። አዲስ አበባ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ስፔሊንግ ተጽፋለች፤ ኮምፒውተሩ ሦስት ከተማ አድርጎ ይቆጥራታል። ወረድ ስትሉ «2012» የሚል የምርት ዘመን አለ። የውጭው ተመራማሪ በራሱ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል። እናንተ ግን በ2012 መስከረም የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በፈረንጆቹ 2019 ነው። ያቺን አንዲት ዓምድ ካላያችኋት ጥናቱ በሙሉ ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል። እኔ በጥናት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን የሚያይ ኢንተርን ወርቅ ነው።

ሌላው ሥራ የተጻፈውን አንብቦ በሁለት ገጽ ማሳጠር ነው። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ መያዝም አለ። እዚህ ላይ «የቻተም ሃውስ ደንብ» የሚባለውን እወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። በስብሰባው የሰማችሁትን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ማን እንዳለው ግን አትናገሩም፣ አትጽፉም። አንድ ስም ካመለጣችሁ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ይችላል።

ይከፈላል ወይ? እንደ ተቋሙ ነው። የሚከፍል አለ፣ የኪስ ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ አለ፣ ምንም የማይሰጥም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት ለኢንተርኖቹ አይከፍልም፤ እስጢፋኖስ ጋ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም (ኢሲኤ) የዚሁ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ አንድ የ22 ዓመት የኒውዚላንድ ወጣት ለተመድ ኢንተርን ሆኖ ድንኳን ውስጥ እያደረ መገኘቱ ዓለምን አነጋግሮ ነበር። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ቤተሰቡ ጄኔቫ ወይም ኒውዮርክ ቤት ሊከራይለት የማይችል ልጅ ከበሩ ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይ ማን እንደሚችል ሳታውቁ እሺ አትበሉ። አስቀድማችሁ ገንዘብ ክፈሉ፣ ቦታው ተይዞላችኋል የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ ትታችሁት ሂዱ።

ቪዛው የራሱ ጣጣ አለው። ለአሜሪካ የኢንተርን መንገድ ጄ 1 ቪዛ ነው። ተማሪ መሆን አለባችሁ፣ ወይም ከተመረቃችሁ 12 ወር ያልሞላችሁ። ቆይታውም ቢበዛ 12 ወር ነው። ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ማውጣት ቀን ስለሚፈጅ ቀድማችሁ ጀምሩ።

እኔን ከተቀባዮቹ ወገን ብታስቀምጡኝ፣ ከውጤት ይልቅ የማየው አመልካቹ ራሱ ጽፎ የሚልከውን የጽሑፍ ናሙና ነው። የልጅቷን ወረቀት ተቀብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች «የከተሞች እድገት በታዳጊ አገሮች» የሚል፣ የትም ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አየሁ። ከፒያሳ ተነሥተው ዳር ሰፈር የገቡ ቤተሰቦችን እየዞረች ጠይቃለች፤ ልጆቻቸው የድሮ ትምህርት ቤታቸው ለመድረስ ስንት ታክሲ እንደሚቀይሩ፣ በስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጡ።

«ይሄን ራስሽ ነሽ የቆጠርሽው?»

«አዎ፣ ግን ትንሽ ሰው ነው ብዬ ወደ ውስጥ ከተትኩት።»

የኔ ተራ ደርሶ አሳትሜ ስጨርስ፣ ልጅቷ አሁንም እዛው ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች በእስክሪብቶ እየሰረዘች ነበር።